ሆዴ ተኝቶ ነበር

ከአንድ ግንድ ዋንዛ ሦስት እግር የሚያወጣ፣
ስንቱን አስቀምጦ መቀመጫ ያጣ፣
ከሂርማታ ሱቁ ሆዱ ቀድሞት የሚወጣ፣
ተማም ማለት እኔ ነኝ።

ሦስት በርጩማ ሰብሬያለሁ፣ የገዛ እጄን ሥራ።
ሦስተኛው ሲሰበር ደንበኛ ነበረ፣ አንድ የጂረን አዛውንት፤
አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር።
«እንጨቱ ነው» አለኝ፣ «ሳይደርቅ ጠርበኸው።»
እንጨቱ ሁለት በጋ የደረቀ ነው። ሽማግሌውም ያውቃል።

የሐኪም ቤቱ ሚዛን እኔን አልቻለም፤
አጂፕ፣ ቡና መጋዘን ሄጄ ተመዘንኩ፤
መቶ ሃምሳ ሁለት። ሚዛን ያዡ እንደ ልማዱ
የጆንያውን ሊቀንስ አሰበና ተወው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ፈዲላ መጣች፣ የማደንዘዣዋ ሐኪም፤
ስለ ማንኮራፋቴ ከረውዳ ሰምታለች፣ ሌሊት ትንፋሼ እንደሚቆም።
«ጠንካራው ማስታገሻ ላንተ አይሆንም» አለች፣
«እንቅልፍህን አክብዶ ትንፋሽህን ይወስዳል።
የሆድህን ግድግዳ ብቻ በመርፌ አስተኛዋለሁ፤
ሦስት ንብርብር ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል
መድኃኒቱን አፈሳለሁ። አንተ ትነቃለህ፣ እሱ ይተኛል።»
ገባኝ። እንጨትም ንብርብር አለው፤
መሮ መግቢያውን ካወቀ ግንድ አይጮህም።

ስነቃ አምስት ቀዳዳ፣ ሚስማር የወጣበት የመሰለ፤
ጣቴን አሳረፍኩበት፣ የሌላ ሰው ሆድ፣ እንደ ዋንዛ ዝም ያለ።
ሠላሳ ዓመት ስጠርበው፣ አንድ ቀን እንኳ
«አመመህ ወይ?» አላልኩትም ለካ።

ሆድ ይፍጀው ስል ኖርኩ።
ወንድሜ ያባቴን ቦታ ሳይነግረኝ ሲሸጥ፣ ሆድ ይፍጀው።
ባለ ባጃጁ የሁለት ሰው ክፈል ሲለኝ፣ ሆድ ይፍጀው።
ረውዳ ሁለቴ ሲጨነግፍባት፣
ሁለቴም ከሱቅ አምሽቼ ገብቼ፣ ሆድ ይፍጀው።
ፈጀው። ሁሉን ፈጀው፣ ሰፋ፣ ተለጠጠ፤
ዛሬ ሦስት እጁ ከውስጥ ተቆረጠ።
እህስ፣ ያ ሁሉ ወዴት ይሂድ፣ ማደሪያው ሲጠብ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሆዴ ተኝቶ ሳለ፣
ቀኝ ትከሻዬ ተነሣ፣ «ተራዬ ነው» አለ።
ያልተወጋ፣ ያልተሰፋ፣ መቀስ ያላየ ትከሻ
ጮኸ፣ ደጅ እንደተዘጋበት ውሻ።
ነርሷ ኦብሴ መጣች። «አየር ነው» አለች እያዛጋች፣
«ሆድህን ለመንፋት የገባው፤ ወጥቶ እስኪያልቅ ትከሻ ላይ ያርፋል።
መርፌው እዚያ አይደርስም። ተነሥና ተራመድ።»

ተራመድኩ። ረውዳ በትከሻዋ ደግፋ፣
ከመስኮቱ ማዶ ዝናቡ ሲያካፋ፣
እግሬን እየጎተትኩ፣ አልጋ ቁጥር እየቆጠርኩ።
አራተኛው መስኮት ጋ ቆምኩ።
«ያኔ» አልኳት፣ «ሁለት ትንንሽ በርጩማ ጠርቤ ነበር።
ሱቅ ውስጥ፣ ቆጡ ላይ ናቸው።»
ብዙ ዝም አለች።
«አውቃለሁ» አለች ቆይታ፣
«አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ።»

ሊነጋጋ ሲል መድኃኒቱ ለቀቀኝ፣
አምስቱም ቀዳዳ በስሜ ጠሩኝ።
አንዱ ከእምብርቴ በላይ ነው፣ እሱ ከሁሉ ይብሳል፤
ሳስል ይሰማኛል፣ ስስቅ ይሰማኛል፣
እንደገና የኔ ሆነ።

ፈዲላ ወረቀቷን ይዛ፣ «ከአሥር ስንት ያምሃል?»
በስንዝር ቢሆን አውቅ ነበር። «አራት» አልኳት።
ረውዳ ከወንበሯ ቀና ብላ አየችኝ፤
ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች።
«ስድስት» አልኩ። «ስድስት ነው። ሌሊት ደግሞ ስምንት ነበር።»

ጻፈችው።